ፖስትፒል ከወሰደች በኋላ የወር አበባዋ ዘገየ፤ ቀኑን ከየት እንቁጠር? (ድሬዳዋ)

የከዚራ እህት — መስከረም 16

ሰላም እህቶች። ጥያቄው የአክስቴን ልጅ ይመለከታል። 22 ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ እዚሁ ድሬ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ቀኖቹን ስልኳ ላይ መዝግባ ስለያዘች እንዳሉ አሰፍራቸዋለሁ።

የመጨረሻው የወር አበባዋ የጀመረው ነሐሴ 14 ነው። ዑደቷ ወጥ አይደለም፤ ባለፉት ስድስት ወራት አጭሩ 28፣ ረጅሙ 34 ቀን ነበር። ነሐሴ 27 ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጋለች። ነሐሴ 29 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን) ወሰደች፣ አላስመለሳትም። ጳጉሜን 2 እና 3 ትንሽ ቡናማ ደም አየች፣ ፓድ የሚያስቀይር አይደለም። መስከረም 3 በስትሪፕ (በሽንት የእርግዝና መመርመሪያ) ስትመረመር አንድ መስመር ወጣ። መስከረም 11 ከሰዓት በኋላ ደገመች፤ አሁንም አንድ መስመር። ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያስቀመጠችውን ስትሪፕ አንስታ ስታየው ሁለተኛው ቦታ ላይ ግራጫ ጥላ የመሰለ ነገር ታያት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ጡቷን ያማታል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ደም ግን የለም።

እሷ «በ14 ስለመጣ በ14 ነው የምጠብቀው፣ ሁለት ቀን ነው ያለፈው» ትላለች። ለእኔ ከዚያ የበለጠ ይመስለኛል። ያ ቡናማ ደም እንደ ፔሬድ ይቆጠራል ወይ? ሁለት ጊዜ አንድ መስመር መውጣቱ ይበቃል ወይ? አንዲት ጓደኛዋ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ «ፔሬድ የሚያመጣ» ክኒን አለ ብላታለች። ነገ መስቀል ነው፣ ጤና ጣቢያ መደበኛው ክፍል አይሠራም። እስከዚያ ምን እናድርግ?

አዋላጅ ከሸዋ በር — መስከረም 16

ቀኑን መዝግባ መያዟ ግማሹን ሥራ ቀንሶልናል። ከቁጥሩ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሴት ትሳሳታለች።

«በ14 መጣ፣ በ14 ይመጣል» የሚለው አቆጣጠር ለኛ ወር በራሱ 30 ቀን ማለት ነው። 28 ቀን ዑደት ያላት ሴት በየወሩ ሁለት ቀን ቀደም አድርጋ መቁጠር አለባት። ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሆን ደግሞ መሀል ላይ ጳጉሜን አለች። ዘንድሮ 5 ቀን ናት፣ ስለዚህ ከነሐሴ 14 እስከ መስከረም 14 ድረስ 30 ሳይሆን 35 ቀን ነው። በየዓመቱ አዲስ ዓመት አካባቢ «ዘገየብኝ» ብለው የሚደናገጡ፣ ወይም በተቃራኒው ዘግይቶባቸው «ገና ነው» ብለው የሚቀመጡ ሴቶች ይበዛሉ። ጳጉሜንን የሚቆጥራት የለም።

ለእሷ እንቁጠር። ከነሐሴ 14 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 16 ቀን፣ ጳጉሜን ሲጨመር 21። ዑደቷ 28 ቀን ከሆነ መምጫው መስከረም 7፣ 34 ከሆነ መስከረም 13 ነው። ዛሬ 16 ነው። በረጅሙ ዑደቷ ቢለካ እንኳ 3 ቀን አልፎታል። ፖስትፒል የወሰደች ሴት ከጠበቀችው ቀን እስከ አንድ ሳምንት ሊዘገይባት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ሳምንት ካለፈ ግን ምርመራ የግድ ነው። መስከረም 13 ላይ 7 ቀን ጨምሩ፤ መስከረም 20 ይሆናል።

ቡናማው ደም ፔሬድ አይደለም። ክኒኑን በወሰደች በ3ኛው ቀን መምጣቱ፣ መጠኑም ትንሽ መሆኑ፣ የሆርሞኑ መለዋወጥ ያመጣው ነጠብጣብ ያስመስለዋል። «ጽንስ ሲጣበቅ የሚመጣ ደም ነው» የሚል ሰው ካለም ቀኑ አይገጥምም። የተዳቀለ እንቁላል ማህፀን ላይ የሚጣበቀው እንቁላሉ ከተለቀቀ ከ6 እስከ 12 ቀን ውስጥ ነው። እሷ ግን ደሙን ያየችው ከግንኙነቱ በ5ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ያ ደም «አላረገዝሽም» አይልም፣ «አርግዘሻል»ም አይልም። ከቁጥር አውጡት።

አንድ ነገር ግን አልተጻፈም፣ ዋናው እሱ ነው። ክኒኑን ከወሰደች በኋላ፣ ማለትም ከነሐሴ 29 ወዲህ፣ ሌላ ግንኙነት ነበር? «ውጭ ጨርሷል» የሚባለውም ይቆጠራል። አትፈሪ በያት፤ የምርመራው ቀን የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

የሳቢያን ላብራቶሪ — መስከረም 16

እኔ ስለ ስትሪፑ ብቻ ልናገር።

የመስከረም 3ቱ ምርመራ ከግንኙነቱ በ11ኛው ቀን የተደረገ ነው። ስትሪፑ የሚፈልገው ሆርሞን (ኤችሲጂ) መመረት የሚጀምረው ጽንሱ ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በ2 ወይም በ3 ቀን እጥፍ እየሆነ ያድጋል። ከተማው ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ስትሪፕ 25 ዩኒት ሲደርስ ነው መስመር የሚያወጣው። በ11ኛው ቀን እርጉዝ የሆነችም ያልሆነችም አንድ ዓይነት ውጤት ልታይ ትችላለች። ያንን እንዳልተደረገ ቁጠሩት።

የመስከረም 11ዱ በ19ኛው ቀን ነው፣ ትንሽ ይሻላል። ግን ከሰዓት በኋላ ነበር። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰው ስንት ሊትር ውኃ እንደሚጠጣ እናውቃለን፤ ሽንቱ እንደ ውኃ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ሆርሞኑም ይቀጥናል። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት የሚባለው ለዚህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፊኛ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ቀለሙ ደመቅ ያለ። ሌሊት ተነስታ ከሸናች ቢያንስ 4 ሰዓት ሳትሸና የቆየችበትን ትጠቀም።

ስለ ግራጫው ጥላ፦ ስትሪፑ የሚነበበው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚታይ ነገር ውጤት አይደለም። ሽንቱ ሲደርቅ የሙከራው መስመር የተሰመረበት ቦታ ላይ ግራጫ ወይም ቀለም የሌለው ጭረት ይተዋል። ትክክለኛው መስመር ቀለም አለው፤ እንደ ስትሪፑ ዓይነት ሮዝ ወይም ቀይ ነው፣ ከላይኛው መስመር ጋር እኩል ስፋት አለው፣ በሰዓቱም ይታያል። ደብዘዝ ቢል እንኳ በ5 ደቂቃ ውስጥ የታየ ሮዝ መስመር «አዎ» ነው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የመጣ ግራጫ ግን ምንም አይደለም። ያንን ስትሪፕ ጣሉት፣ ደግማችሁ አትዩት።

አሠራሩን ልጻፈው፣ ፓኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ይቀራል። ንጹሕና ደረቅ ኩባያ፤ የሳሙና ቅሪት ያለበት አይሁን። ፓኬቱ የሚቀደደው ሽንቱ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተከፈተ ስትሪፑ እርጥበት ይስባል። ቀስቶቹ ወደ ታች ሆነው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይነከራል። ከቀስቶቹ በላይ አግድም የተሰመረች ገደብ አለች፣ ሽንቱ እሷን ማለፍ የለበትም። ካለፈ ቀለሙ ታጥቦ ይወርድና ውጤቱ ይበላሻል። ከዚያ ደረቅ ነገር ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ አስቀምጦ ሰዓት መያዝ ነው። ሮዝ ጭጋግ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል፣ በኋላ ይጠራል። ከላይ ያለው የቁጥጥር መስመር ካልወጣ ስትሪፑ አልሠራም፤ አዲስ ይገዛል።

ድሬ ላይ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። አብዛኛው ስትሪፕ ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ነው የሚያዘው። እዚህ መስከረም ላይ እንኳ ቀን 30 ያልፋል፣ ግንቦትና ሰኔን ተዉት። መስታወት ስር ፀሐይ ሲያገኘው የዋለ፣ ወይም ባጃጅ ውስጥ ቦርሳ ላይ የተረሳ ስትሪፕ የቁጥጥር መስመሩ ሊወጣ ይችላል፤ የታችኛው መስመር ግን ትንሽ ሆርሞን የመያዝ አቅሙ ሊደክም ይችላል። የላይኛው መስመር ፈሳሹ መሄዱን ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ ስትገዙ ማብቂያ ቀኑን እዩ፣ ኤሲ ወይም ቀዝቃዛ ክፍል ካለው ፋርማሲ ግዙ፣ ሁለት ግዙ። ሁለተኛው ከሌላ ፋርማሲ ቢሆን ይመረጣል።

«በደም ይሻላል» ለሚሉ፦ ብዙ ቦታ በደም የሚሠራው ምርመራ ያው ስትሪፕ የደሙ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ነው። ብር ጨመራችሁ እንጂ እምብዛም አልቀደማችሁም። የሚለየው መጠኑን በቁጥር የሚያወጣው የቤታ ኤችሲጂ ምርመራ ነው። ለእሱ ስትሄዱ «ቁጥር ይወጣል ወይስ ፖዘቲቭ ነጋቲቭ ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጨው፣ ስኳር፣ የጥርስ ሳሙና ላይ ሽንት ማፍሰስ የሚባለውን ተዉት። አረፋ የሚያወጣው የሽንቱ አሲድነት ነው፤ ከእርግዝና ጋር ግንኙነት የለውም።

የከዚራ እህት — መስከረም 16፣ ማታ

አላህ ይስጣችሁ። ጠይቄያታለሁ። አዎ፣ ጳጉሜን 4 ሌላ ግንኙነት ነበር። ኮንዶም አልነበረም፤ «ክኒኑ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል» ብላ ነው፣ እሱም ውጭ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የለም። ሌላ ደግሞ ከሰኔ ወዲህ ከ54 ኪሎ ወደ 48 ወርዳለች። በሐምሌ ወባ ታማ ነበር፣ መድኃኒቷን ጨርሳለች። ማታ ማታ ጫት ትቅማለች፣ እራት አትበላም።

ፋርማሲስት ነኝ፣ ሐረር — መስከረም 17

እንኳን ለመስቀል አደረሳችሁ። ስለ ክኒኑ ግልጽ ላድርግ፣ ምክንያቱም «እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል» የሚለው ባንኮኒያችን ላይ በየቀኑ የሚሰማ ስህተት ነው።

ፖስትፒል ሌቮኖርጀስትሬል ነው፣ 1.5 ሚሊግራም። ሁለት ፍሬ ሆኖ ከመጣ እያንዳንዱ 0.75 ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይዋጣሉ። የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ እንቁላሉ እንዳይለቀቅ ያዘገየዋል። እንቁላሉ ቀድሞ ከተለቀቀ የሚከለክለው ነገር የለም፤ የተጣበቀ ጽንስንም አያወርድም፣ አይጎዳምም። አስቡት፤ እንቁላሉን አቆየው እንጂ አላጠፋውም። ከቀናት በኋላ ይለቀቃል። የወንዱ ዘር ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ክኒኑን ወስዶ ከዚያ በኋላ ያለ መከላከያ ግንኙነት ማድረግ እንቁላሉ ዘግይቶ የሚወጣበትን ጊዜ መጠበቅ ማለት ነው። የጳጉሜን 4ቱን ግንኙነት ክኒኑ አይሸፍነውም።

የነሐሴ 27ቱስ? በ35 ሰዓት ውስጥ ወስዳለች፣ ገደቡ 72 ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ ጥሩ ነበር። ዑደቷ ከ28 እስከ 34 ከሆነ እንቁላሉ የሚለቀቀው ከሚቀጥለው ፔሬድ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ ማለትም ከነሐሴ 28 እስከ ጳጉሜን 4 ባለው ጊዜ አንዱ ቀን። ረጅሙ ዑደት ከነበረ ክኒኑ ቀድሞታል፣ አጭሩ ከነበረ ግን ሊቀደም ይችላል። ከወሰደች በ2 ሰዓት ውስጥ አላስመለሳትም፣ ያ ደግሞ ጥሩ ነው። ለሌሎች አንባቢዎች፦ የቲቢ መድኃኒት (ሪፋምፒሲን)፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ኤፋቪሬንዝ (የኤችአይቪ መድኃኒት) የክኒኑን ኃይል ይቀንሳሉ፤ ከ70 ኪሎ በላይ በሆኑ ሴቶችም ሊደክም ይችላል። እነዚህ እናቶችና እህቶች በ5 ቀን ውስጥ ጤና ተቋም ሄደው ሉፕ (የመዳብ) ቢያስገቡ ከየትኛውም ክኒን የበለጠ አስተማማኝ ነው።

አሁን ወደ «ፔሬድ የሚያመጣው» ክኒን። አቦ፣ ልጅቷን ከዚህ አስጠንቅቋት። በዚህ ስም የሚሸጠው አንድ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ፕሮጄስትሮን ነው፤ እርጉዝ ካልሆነች ስትተወው ደም ያመጣል፣ እርጉዝ ከሆነች ግን ምንም ሳያመጣ ጊዜዋን ይበላል። አንዳንዱ ማህፀን የሚያኮማትር ነው። ሳትመረመር፣ ሳምንቷ ሳይታወቅ፣ ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና አለመሆኑ ሳይጣራ መዋጥ ከባድ የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ማንኛውም ክኒን ከመዋጡ በፊት ምርመራው መቅደም አለበት።

ሌላም እጠይቃለሁ። ስትታመም ማስመለሱን ለማስቆም ሜቶክሎፕራማይድ ተሰጥቷት ነበር? ብዙው ሰው ፕላሲል የሚለው ነው። ለቀናት ከተወሰደ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ አድርጎ ፔሬድ ሊያቆይ፣ ጡትም ሊያሳምም ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ እንደ ሪስፔሪዶን ያሉትም እንዲሁ። ክብደቷ ስድስት ኪሎ መውረዱን አቅልላችሁ አትዩት። ሰውነት በቂ ምግብ ካላገኘ እንቁላል መልቀቁን ያቆማል ወይም ያዘገያል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ራት በየቀኑ ከቀረ ውጤቱ ፔሬድ ላይ ይታያል። ከባድ ትኩሳትም እንዲሁ ያዘገያል። ይህን ያህል ምክንያት ቢኖርም ግን እርግዝና ሳይጣራ ሌላ ምክንያት አይፈለግም።

ወባ ከተነሳ አይቀር፦ እንደገና ትኩሳት ካላት «አርግዤ ሊሆን ይችላል» ብላ ለሐኪሙ ትንገር። ፕሪማኩዊን ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም። ትኩሳቱ የደንጊ ሊሆን ስለሚችል (ድሬ ከ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በደንብ ታውቀዋለች) ለሕመሙ ፓራሲታሞል ብቻ፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትንካ።

አዋላጅ ከሸዋ በር — መስከረም 17

ስለነገረችሽ አመስግኚልኝ፤ ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ቀኑ ይስተካከል።

የሽንት ምርመራ አስተማማኝ የሚሆነው ያለ መከላከያ ከተደረገው የመጨረሻ ግንኙነት 21 ቀን ሲሞላ ነው። ከነሐሴ 27 ብንቆጥር መስከረም 13 ላይ ሞልቷል። ከጳጉሜን 4 ስንቆጥር ግን ጳጉሜን 5 አንድ ብሎ መስከረም 20 ላይ ነው 21 የሚሆነው። ማክሰኞ ነው። ዛሬ ጠዋት ተመርምራ አንድ መስመር ብታይ አሁንም አያሳርፋትም፣ ሁለት መስመር ብታይ ግን እውነት ነው። ብሯንም ጭንቀቷንም ለማክሰኞ ታቆየው።

እስከ ማክሰኞ ግን የማይጠበቅ ነገር አለ። በአንድ ጎን የሚወጋ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ከደም ጋር ወይም ያለ ደም፤ ማዞር፣ መውደቅ፤ ትከሻ ጫፍ ላይ ምክንያት የሌለው ሕመም። እነዚህ ከማህፀን ውጭ ያለ እርግዝና ምልክቶች ናቸው፤ ቱቦው ከፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው፣ ውጭ ላይታይ ይችላል። በዓል ነው፣ ሌሊት ነው አይባልም። ድል ጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፣ ሐረር ከሆነች ሕይወት ፋና ወይም ጁገል። ስትደርስ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሯ «ፔሬዴ ዘግይቷል፣ አርግዤ ሊሆን ይችላል» ይሁን። «ሆዴን ያመኛል» ብቻ ካለች የጨጓራ ወይም የታይፎይድ ምርመራ ሲታዘዝላት ጊዜ ይሄዳል።

ማክሰኞ ሁለት መስመር ከሆነ፦ ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ ታውጣ። የእርግዝና ክትትልም የቤተሰብ ምጣኔም በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው። ስለ ሳምንቱ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቤት የሚያፈርስ አለመግባባት ከዚህ ይነሳል። እርግዝና የሚቆጠረው ከግንኙነቱ ቀን ሳይሆን ከመጨረሻው ፔሬድ የመጀመሪያ ቀን ነው። ማክሰኞ «5 ሳምንት ከ6 ቀን» ትባላለች። ልጁ ቁጭ ብሎ ሲቆጥር «እኔ ካገኘኋት ገና 4 ሳምንት ነው፣ የማን ነው?» ሊል ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጽንስ የሌለባቸው ናቸው፤ አቆጣጠሩ ብቻ ነው። ፖስትፒል እንቁላሉን አዘግይቶት ከሆነ ደግሞ በአልትራሳውንድ ከፔሬዷ ቁጥር በጥቂት ቀናት አንሶ ሊታይ ይችላል። ይህን ለእሱም አስቀድማችሁ ብታስረዱት ይጠቅማል። አልትራሳውንድ ለማየትም አትቸኩሉ፤ ከ5 ሳምንት በፊት ባዶ ማህፀን ታይቶ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። ሕመም ወይም ደም ካለ ግን ወዲያው ነው።

የመውለጃ ቀን በኛ አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ 9 ወር ትጨምሪና 10 ቀን። መሀል ላይ ጳጉሜን ካለፈ 5 ቀን ብቻ፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት 4። ለእሷ ነሐሴ 14 ላይ 9 ወር ሲጨመር ግንቦት 14፣ ጳጉሜን ስላለፈ 5 ቀን፤ ግንቦት 19። በድምሩ 280 ቀን ነው። እርግዝናውን የምትቀጥል ከሆነ በቀን 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ከዚያው ቀን ትጀምር፤ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ከአይረን ጋር ያለው ነው። ጫቱንም ታቁም፣ እራቷን ትብላ።

መቀጠል የማትችል ከሆነ ደግሞ ጓዳ ውስጥ አይወሰን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝና በጤና ተቋም እንዲቋረጥ የሚፈቅድባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ካለው፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት አለያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ማሳደግ የማትችል ከሆነ። የምትገባበት ይኑር አይኑር የሚነግራት ባለሙያ ነው፤ በጊዜ መሄዷ ደግሞ ወሳኝ ነው። ሳትነግራችሁ አንድ ነገር ውጣ ደም ከጀመራት፣ በሰዓት ሁለት ፓድ እየሞላ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ ሳትሸማቀቅ ሆስፒታል ትሂድ። ምን እንደወሰደች ለሐኪሙ መንገሯ ሕይወቷን ያተርፋል።

የጤና ኤክስቴንሽን፣ ለገሀሬ — መስከረም 17

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ልጆቹ ጤና ጣቢያ የማይሄዱት «የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ትሠራለች» ብለው ነው። በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ ብቻ መታየት ግዴታ አይደለም፣ ሌላ ቀበሌ መሄድ ትችላለች። 22 ዓመቷ ነው፣ የቤተሰብ ፈቃድ አያስፈልጋትም። ብዙ ጤና ጣቢያ የወጣቶች ክፍል አለው፤ በር ላይ «የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል፣ ዝርዝሩን ለካርድ ክፍል መናገር የለባትም። ፔሬዷ የጀመረበትን ቀን በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ በድንጋጤ ይጠፋባቸዋል።

የሳቢያን ላብራቶሪ — መስከረም 18

ለማክሰኞ ስትሪፑን ከገዛችሁ ቤት ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከነፓኬቱ። ፍሪጅ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ፤ ቀዝቅዞ ከተከፈተ ላብ ይይዘዋል። ሰኞ ማታ ውኃ እንደወትሮዋ ትጠጣ፣ ሰውነቷን አታስጠማ። ሌሊቱን ግን ጀሪካን የሚያህል እንዳትጠጣ።

ደግሞ ለሚያነቡ ሌሎች፦ ፔሬዷ ከቀረ ሁለት ሦስት ወር ሆኖ ሆዷ እየገፋ ስትሪፑ አንድ መስመር ወይም በጣም ደብዛዛ ካሳየ በዚያ አትቀበሉ። ሆርሞኑ ከመጠን በላይ ሲበዛ ስትሪፑ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። አልትራሳውንድ ነው መፍትሔው።

የከዚራ እህት — መስከረም 20

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሠራነው። የሁለት ፋርማሲ ስትሪፕ፣ አንድ ኩባያ፣ ስልክ ላይ 5 ደቂቃ። ሁለቱም ላይ የላይኛው መስመር ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ታች ምንም የለም። 5 ደቂቃው ሲሞላ ፎቶ አንስተን ጣልናቸው። ፔሬዷ ግን አልመጣም። ፕላሲሉን ጠይቄያታለሁ፣ በሐምሌ ሦስት ቀን ብቻ ነው የወሰደችው።

አዋላጅ ከሸዋ በር — መስከረም 20

አልሐምዱሊላህ፣ እፎይ በሏት። ከመጨረሻው ግንኙነት 21 ቀን ሞልቷል፣ የጠዋት ሽንት ነው፣ ሁለት ስትሪፕ ነው፣ በሰዓቱ ተነቧል። እርጉዝ አይደለችም ብሎ መነሳት ይቻላል። ሦስት ቀን የተወሰደው መድኃኒት ደግሞ እስካሁን የሚያቆይ አይደለም። ክኒኑ ያመጣው መዘግየትና የክብደቷ መውረድ ይበቃሉ።

ፔሬዱን ግን ሳትጠብቅ ዛሬውኑ መከላከያ መጀመር ትችላለች። «ፔሬድሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብለው የተላኩ ስንት ልጆች በዚያው መሀል ያረግዛሉ። የሦስት ወር መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን ከመረጠች ዛሬ ተሰጥቷት ለ7 ቀን ኮንዶም ትጨምር። መርፌውን ከመረጠች አንድ ነገር ትወቅ፦ ፔሬድን ሊያዛባ ወይም ጨርሶ ሊያቆም ይችላል፣ ካቆመችው በኋላም ለማርገዝ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መርፌ 9 ወይም 10 ወር ያህል ይወስዳል። በቅርብ ዓመት መውለድ የምታስብ ከሆነ የክንዱ ይሻላታል፣ ሲወጣ ወዲያው ነው የሚመለሰው። የሚቀጥለው መርፌ ቀን ካለፋት እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሄዳ መወጋት ትችላለች፤ አፍራ እንዳትቀር።

መከላከያ ካልጀመረች እስከ መስከረም 27 ትጠብቅ፤ ካልመጣ ስትሪፑን አንድ ጊዜ ትድገም። ሦስት ወር ሙሉ ከቀረ ደግሞ እርግዝና ባይሆንም ሐኪም ጋ ትሂድ፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ ይታዘዝላታል። ፊቷ ላይ ፀጉር ወይም ብጉር ከበዛ፣ ከጡቷ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ሦስት ወሩን አትጠብቅ። እስከዚያ ራቷን ጫቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ትኩስ ነገር፣ ሞልታ ትብላ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ኪሎዋን ለኪያት፣ ፔሬዷ በመጣ ቀንም አጠገቡ ጻፉት።